20 ነጥብ ያለ ጥይት

ከብስራተ ገብርኤል «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እየተባለ የሚጫን ታክሲ በሳር ቤት አልፎ፣ የአፍሪካ ኅብረትን ረጅም ሕንፃ በጎን ትቶ ሜክሲኮ አደባባይ ይደርሳል። መንገዱ ካልተጨናነቀ ጉዞው አጭር ነው። ኢትዮጵያ ባለፉት 100 ዓመታት በዓለም ጉባኤዎች ያሸነፈችበትም የተሸነፈችበትም ታሪክ በዚህ መንገድ ላይ በአደባባይ ስምና በሕንፃ ተቀምጧል። የአደባባዩ ስም ከጄኔቫ ሽንፈት በኋላ የተገኘ ወዳጅን ያስታውሳል። ሕንፃው ደግሞ አዲስ አበባ የአህጉሩ መሰብሰቢያ እንድትሆን የተደረገው ረጅም ጥረት ውጤት ነው።

ይህን ታሪክ ከሌላ አቅጣጫ ለማየት የሚረዳ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ስሙ ሲቪላይዜሽን ነው። ሲድ ሜየር የተባለው የጨዋታ ፈጣሪ የመጀመሪያውን ክፍል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን እስካሁን 7 ዋና ክፍሎች ወጥተዋል። ተጫዋቹ ከክርስቶስ ልደት 4000 ዓመት በፊት በጥቂት ሰፋሪዎች ይጀምራል። ከተማ ይቆረቁራል፣ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይዋጋል፣ ይታረቃል፤ እንዲህ እያለ ዘመናችን ድረስ ይመጣል። ጨዋታው በተራ ነው። አንዱ አስቦ ወስኖ ሲጨርስ ተራው ለሌላው ያልፋል። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ለአንድ ግጥሚያ ተከፍሎ በጩኸት ከሚጫወቱት ኳስ በእጅጉ ይለያል። አንድ ዙር ሲቪላይዜሽን ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ብዙ ምሽት ይፈጃልና የሚጫወቱት ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው በጸጥታ ነው።

የማሸነፊያው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በስድስተኛው ክፍል፣ ማስፋፊያዎቹ ሲጨመሩበት፣ የሁሉንም ተቀናቃኝ ዋና ከተማ በጦር መያዝ ይቻላል። ሰውን ወደ ጠፈር በመላክ፣ ሃይማኖትን በማስፋፋት ወይም ባህሉ ብዙ ጎብኚ እንዲስብ በማድረግም ማሸነፍ ይቻላል። ከእነዚህ ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ግን ዲፕሎማሲያዊ ድል ነው። እሱን የሚሻ ተጫዋች 20 ነጥብ መሰብሰብ አለበት። ነጥቡም በአብዛኛው የሚገኘው ሌሎች መንግሥታት ድምፅ በሚሰጡበት የዓለም ጉባኤ ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጨዋታ እንግዳ አይደለችም። በአራተኛው ክፍል ማስፋፊያ እ.ኤ.አ. በ2007 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሪነት ገባች። በአምስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 መሪዋ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሆኑ፤ በጨዋታውም ውስጥ አማርኛ ይናገራሉ። በስድስተኛው ክፍል ደግሞ፣ በሐምሌ 2012 ዓ.ም.፣ ተራው የዳግማዊ ምኒልክ ሆነ። በዚህ ጊዜ ኩባንያው ኢትዮጵያን ለብቻዋ አላወጣም። አብሮ አንድ አዲስ የከተማ ክፍል ጨመረ፤ እሱም የዲፕሎማቶች ሰፈር ነው።

ይህ ሰፈር በአንድ አገር አንድ ጊዜ ብቻ ይገነባል። የውጭ አገሮች የላኳቸው ልዑካንና የከፈቷቸው ኤምባሲዎች ለባለቤቱ ባህል ያመነጩለታል። በውስጡ የሚሠሩት ሁለት ሕንፃዎች የጠላትን ሰላይ ሥራ ያከብዳሉ፣ በትናንሽ ነጻ ከተሞች ዘንድም ተሰሚነትን ይጨምራሉ። የጨዋታው ሠሪዎች ኢትዮጵያንና የኤምባሲ ሰፈርን በአንድ ጥቅል ማቅረባቸው ለአዲስ አበባ ሰው ተገቢ ሆኖ ይታየዋል።

ብስራተ ገብርኤልና ጎረቤቱ ኦልድ ኤርፖርት እንዲህ ያለ ሰፈር ናቸውና። የካናዳ ኤምባሲ በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ የኔዘርላንድስ ኤምባሲም እንዲሁ። የዲፕሎማት ቤተሰብ የሚኖርባቸው ግቢዎች፣ የውጭ ዜጎች ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች፣ በየበሩ የቆሙ ጥበቃዎችና ባለ ልዩ ታርጋ መኪኖች የሰፈሩ የዕለት ተዕለት ገጽታ ናቸው። በሹፍርና፣ በአትክልተኝነት፣ በጥበቃ፣ በምግብ ዝግጅትና በቤት ኪራይ ከዚህ ዓለም ጋር ኑሮው የተሳሰረ ሰውም ብዙ ነው። የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ሕንፃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን ያገኘ ነው። ቀይ አፈር የመሰለው ረጅም ኮንክሪቱ ከድንጋይ የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ያስታውሳል፤ ጣሪያው ላይ የሚቋጥረው ውሃ የደች አገርን። በጨዋታውም ኢትዮጵያ ብቻ የምትሠራው ግንባታ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ነው።

አሁን ወደ 20ው ነጥብ እንመለስ።

በጨዋታው ውለታ እንደ ገንዘብ ይቆጠራል። ተጫዋቹ በየተራው ጥቂት ጥቂት ውለታ ያገኛል። ምንጮቹ የመንግሥቱ ሥርዓት፣ ከሌሎች ጋር ያሰረው የትብብር ቃል ኪዳንና የበላይ ወዳጅ የሆነላቸው ትናንሽ ነጻ ከተሞች ናቸው። በተቃራኒው ጎረቤቱን ያለ በቂ ምክንያት የወረረ ቂም ይከማችበታል። የሌላውን ዋና ከተማ ይዞ የተቀመጠ በየተራው ውለታው ይቀንሳል። አየርን በጭስ የሚበክልም ዋጋ ይከፍላል። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የዓለም ጉባኤ በየ30 ተራው ይሰበሰባል። በጉባኤው የመጀመሪያው ድምፅ ነጻ ነው። ሁለተኛው 10 ውለታ፣ ሦስተኛው 20፣ አራተኛው 30 እያለ ዋጋው ይወጣል። ስለዚህ አራት ድምፅ ለመስጠት 60 ውለታ ተጠራቅሞ መገኘት አለበት። በአንድ ሌሊት የሚዋስ ተጫዋች ሩቅ አይሄድም።

በአሸናፊው ወገን ድምፅ የሰጠ ነጥብ ያገኛል። ጎርፍ ወይም እሳተ ገሞራ ለጎዳው አገር ከሁሉ በላይ የረዳም እንዲሁ። በኋለኞቹ ዘመናት ከባዱ ምርጫ ይመጣል፤ አንዱን የዓለም መሪ ብሎ 2 ነጥብ መጨመር ወይም ከአንዱ 2 ነጥብ መንጠቅ። ለማሸነፍ የተቃረበ ተጫዋች እዚህ ላይ ይጨነቃል፤ ሌሎቹ ተባብረው ሊያወርዱት ይችላሉና። ከዚህ የሚተርፈው ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት፣ ምንም የማይከሰት በሚመስልባቸው ረጅም ተራዎች ወዳጅ ያፈራና ውለታ ያጠራቀመ ነው። ጨዋታው ከኢትዮጵያ የዲፕሎማሲ ታሪክ ጋር የሚገናኘውም በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ድምፁ በጉባኤው ቀን ይቆጠራል እንጂ የሚሰበሰበው ቀደም ብሎ ነው።

ምኒልክን እንውሰድ። ጨዋታው ለምኒልክ የሰጣቸው ልዩ ችሎታ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ካቋቋሙት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስም የተወሰደ ነው። በዳገት ላይ የተሠሩ ከተሞቻቸው ይበለጽጋሉ፤ ወታደሮቻቸውም በዳገት ላይ ሲዋጉ ይበረታሉ። ከአድዋ በፊት የሠሩት የወረቀት ሥራ ግን በጨዋታው የለም። የውጫሌ ውል በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። የጣልያንኛው ቅጂ 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያን የጣልያን ጥገኛ አድርጎ መተርጎሙ ሲታወቅ ምኒልክ ወዲያው ጦር አላዘመቱም። በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ኃያላን መንግሥታት የአገራቸውን ወሰን የሚያስረዳ ደብዳቤ ላኩ። በስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በኩልም ከአውሮፓ ጋር የሚያደርጉትን ግንኙነት አጠናከሩ። መሣሪያ ከሚሸጡ አገሮች ጋር መንገዱን ክፍት አቆዩ። ውሉን በይፋ ያፈረሱት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1885 ዓ.ም. ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተገኘው ድል ወዲያው ውል አልሆነም ነበር። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ውል ጣልያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ስትቀበል ነገሩ ተቋጨ። በቀጣዮቹ ወራት የፈረንሳይና የእንግሊዝ መልእክተኞች አዲስ አበባ መጡ። አሜሪካዊው ሮበርት ስኪነር ደግሞ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ተከተለ። ምኒልክ ለሌጋሲዮኖቹ ሰፊ ቦታ ሰጡ። ገና ድንኳን የበዛባት ዋና ከተማ የኤምባሲ ከተማ መሆን የጀመረችው በዚህ ጊዜ ነው። በጨዋታው ቋንቋ፣ ምኒልክ በጦር ያገኙትን ነጥብ ሳያባክኑ ወደ ውለታ ቀየሩት።

ከዚያ 40 ዓመት ያህል ቆይቶ የመጣው ፈተና የከበደ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ (በኋላ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ) ለዚህ አባልነት ብዙ ደክመዋል፤ ባርነትን ለማስቀረት ቃል መግባትም የጥረቱ አካል ነበር። የማኅበሩ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ አንድ አባል ከተጠቃ ሁሉም ይነሱለታል። ትልቅ እድር ነበር ማለት ይቻላል። መዋጮው ተከፍሏል፣ ስሙ ተመዝግቧል፤ ችግር ሲመጣ ሁሉም ይደርሳል ተብሎ ተጠብቋል።

ችግሩ በ1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ተጀመረ፤ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ደግሞ የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጣልያንን ወራሪ ብሎ ፈረደ። ማዕቀብ እንዲጣል 50 ያህል መንግሥታት ደገፉ። እንዲህ ያለ የድምፅ ብልጫ በጨዋታው ቢገኝ እጅግ የሚያጓጓ ነው። በኅዳር ሥራ ላይ የዋለው ማዕቀብ ግን ዘይትን አልጨመረም። የሱዌዝ ቦይ ለጣልያን መርከቦች አልተዘጋም። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል የኢትዮጵያን መሬት ለጣልያን በመቁረስ የሚያልቅ ዕቅድ አሰናድተው ተገኙ። የኢትዮጵያ ሠራዊት በሰሜን ግንባር እየተዋጋ ሳለ ማለት ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ቆሙ። ገና መናገር ሳይጀምሩ በጋዜጠኞች ወንበር የተቀመጡ ጣልያናውያን በፉጨት ረበሹ፤ ከአዳራሹም ተባረሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ንግግራቸውን በአማርኛ አሰሙ። ጥያቄያቸው ለኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ለትናንሽ አገሮች የተሰጠው ቃል ዋጋ አለው ወይ ብለው ነበር የጠየቁት። መልሱ በሐምሌ መጣ፤ ማዕቀቡ ተነሣ።

እዚህ ላይ ጨዋታው ከታሪክ ይልቅ ለተበደለው ያደላል። በሲቪላይዜሽን አንድ ነጻ ከተማ ወይም ዋና ከተማ ሲወረር አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራል። በድምፅ የገባ አባል የገባውን ቃል ማጠፍ አይችልም፤ ሕጉ ራሱ ጦርነት ውስጥ ይከተዋል። ወራሪው ላይም ቂሙ ራሱ ይቆጠርበታል። ማንም በጓሮ ተገናኝቶ ቅጣቱን አያቀልለትም። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጣችው ይህንን ነበር። የድምፁ ቁጥር በእጇ ነበር፤ ድምፁን የሚያስከብር አልነበረም።

ያም ሆኖ ጄኔቫ ባዶ እጅ አልመለሰም። የሜክሲኮ መንግሥት የጣልያንን ወረራ ፈጽሞ አልተቀበለም። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ቻይናና ኒው ዚላንድም ወረራውን አላወቁም። የሜክሲኮን ወዳጅነት ለማሰብ አዲስ አበባ አንዱን አደባባይዋን በስሟ ጠራች። ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ ኢትዮጵያ የሚባል አደባባይና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አላት፤ የጣቢያው ምልክትም የአንበሳ ራስ ነው። በጨዋታ እንዲህ ያለ ወዳጅ በየተራው ጥቂት ውለታ የሚሰጥ ነው። በእውነተኛው ዓለም የጄኔቫው ንግግር ለኢትዮጵያ በጥቁር ሕዝቦችና በቅኝ ተገዢዎች ዘንድ ያተረፈላት ስም ከሁሉም የበለጠ ዋጋ ነበረው፤ ያ ዋጋ የተመነዘረው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት መሥራች አባል ሆነች። ጄኔቫ ላይ የተነፈገችውን የጋራ ጥበቃ ለሌላ አገር ሰጠች፤ ከ6,000 የሚበልጡ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በየተራ ኮሪያ ዘመቱ፣ ከ120 የሚበልጡት ተሰዉ። በኅዳር 1943 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር በ46 ድምፅ ለ10፣ በ4 ድምፀ ተአቅቦ ወሰነ። ውሳኔው ዲፕሎማቱ አክሊሉ ሀብተወልድ የመሩት የብዙ ዓመት ጥረት ውጤት ነበር። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ግን 30 ዓመት ያህል የዘለቀ ጦርነት ውስጥ ተገባ። የጨዋታው ሠሪዎች ያላሰቡት ጉዳይ ይህ ነው። በሲቪላይዜሽን የጉባኤ ውሳኔ በሚመለከተው ሕዝብ ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ሰሌዳ የለም።

የኢትዮጵያ ዲፕሎማሲ ከፍተኛው ደረጃ 1955 ዓ.ም. ነው ብሎ መናገር ይቻላል። ይህ ደግሞ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ ጣልያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው፣ አፈወርቅ ተክሌ በሠሩት ባለ ቀለም መስታወት ያማረው አዳራሽ። ኢትዮጵያ ጉባኤ ከመጥራቷ በፊት ጉባኤ የሚቀመጥበትን ቤት ሠርታለች። የሲቪላይዜሽን ተጫዋች ይህን ቅደም ተከተል በሚገባ ያውቀዋል።

ችግሩ አፍሪካ በሁለት መከፈሏ ነበር። የካዛብላንካው ቡድን፣ ጋናን፣ ጊኒን፣ ማሊን፣ ግብፅንና ሞሮኮን የያዘው፣ ፈጣን የፖለቲካ አንድነት ይሻ ነበር። የሞንሮቪያው ቡድን፣ ናይጄሪያንና ላይቤሪያን ጨምሮ በቁጥር የሚበዛው፣ ቀስ ያለውን ትብብር ይመርጥ ነበር። ኢትዮጵያ በሞንሮቪያው ስብሰባ ተገኝታለች። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አቶ ከተማ ይፍሩ ግን ከአንዱ ጋር ሆኖ ሌላውን ማጣት ለአገሪቱ አይበጅም ብለው ንጉሠ ነገሥቱን መከሩ። በ1954 ዓ.ም. የጊኒው ፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ ከካዛብላንካ ወገን አንድ ትልቅ ድምፅ ለጋራ ጉባኤ ተገኘ። ከዚያ አቶ ከተማ ከዋና ከተማ ወደ ዋና ከተማ እየዞሩ መሪዎችን አግባቡ። ኢትዮጵያ በሁለቱም ወገን ዘንድ ተቀባይነት ነበራት። ቅኝ ያልተገዛች ስለሆነች የማንም የቅኝ ገዢ ጥላ አልነበረባትም፤ የጄኔቫው ንግግርም በሁለቱም ሠፈር ይታወስ ነበር።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በአዲስ አበባ ተፈረመ። የጋናው ኩዋሜ ንክሩማህ የፈለጉት የአህጉር መንግሥት አልመጣም፤ ነገር ግን ከ30 የሚበልጡ መንግሥታት በአንድ ሰነድ ስር ገቡ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የድርጅቱ መቀመጫ የት ይሁን የሚለው ነበር። ሌሎች ከተሞችም ይፈልጉት ነበር። በሐምሌ 1956 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች አዲስ አበባን መረጡ፤ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ደግሞ የጊኒው ዲያሎ ቴሊ ሆኑ። መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ፣ ሹመቱ ወደ ጊኒ ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ የፖሊስ ኮሌጁን ግቢ ለድርጅቱ ሰጡ።

ይህ ውሳኔ ዛሬም ይሠራል። የአፍሪካ ኅብረት ማቋቋሚያ ሕግ በ24ኛ አንቀጹ መቀመጫው አዲስ አበባ መሆኑን ይደነግጋል። በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር የሠራችው ሕንፃ 99.9 ሜትር ይረዝማል። ቁመቱ የኅብረቱ ምሥረታ የተወሰነበትን እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 1999ን ያስታውሳል። ብዙ የአፍሪካ አምባሳደሮች ለኢትዮጵያም ለኅብረቱም ተሹመው ይመጣሉ። በየዓመቱ የመሪዎቹ ጉባኤ ሲሰበሰብ ሳር ቤትና አካባቢው ላይ መንገድ ይዘጋል፤ የብስራተ ገብርኤል ነዋሪም ዙሪያውን ለመሄድ ይገደዳል። ያ መጉላላት የኢትዮጵያ የዲፕሎማሲ ድል በዕለታዊ ኑሮ ላይ የሚታይበት አንዱ መልክ ነው።

በሕግ መድረክም የተገኘ ትምህርት አለ። በጥቅምት 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክሩ 6 ዓመት ያህል ቆየ። በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፈሉ፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አውስትራሊያዊው ፐርሲ ስፔንደር በወሳኝ ድምፃቸው ክሱን ውድቅ አደረጉት። በአንድ ድምፅ የተሸነፈ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ግን አልሞተም። በጥቅምት 1959 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት በ114 ድምፅ ለ2 ሰረዘ። በትንሹ አዳራሽ የጠፋው ድምፅ በትልቁ አዳራሽ ተገኘ፤ ለዚህም የረዱት በእነዚያ 6 ዓመታት ነጻ ወጥተው ድምፅ ያገኙት አዳዲስ የአፍሪካ አገሮች ናቸው።

በቅርብ ዘመን የድምፅ አሰባሰብ ጥበቡ ግልጽ ሆኖ የታየበት ምርጫ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ምርጫ ነው። በጥር 2008 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖምን የአህጉሩ እጩ አድርጎ ደገፈ። ከምርጫው ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ መሆኑ ልብ ይሏል። ግንቦት 15 ቀን 2009 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ አባል አገሮች ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ድምፅ ሰጡ። በመጀመሪያው ዙር 95፣ በሁለተኛው 121፣ በመጨረሻው 133 ድምፅ አገኙ፤ እንግሊዛዊው ተፎካካሪያቸው ዴቪድ ናባሮ በመጨረሻው 50። ከዙር ወደ ዙር የጨመረው ድምፅ ለመጀመሪያ ምርጫቸው ሌላ ሰው የነበራቸው አገሮች ድምፅ ነው። የእነሱ ሁለተኛ ምርጫ መሆን በራሱ ሥራ ይጠይቃል።

የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ደግሞ የትዕግሥት ጉዳይ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ፊርማው ተጀመረ። ስምምነቱ ሕግ ይሆን ዘንድ 6 አገሮች ሊያጸድቁት ይገባ ነበር። ኢትዮጵያና ሩዋንዳ በ2005 ዓ.ም. ገደማ፣ ከዚያ ታንዛኒያ፣ ዩጋንዳና ብሩንዲ እያሉ አጸደቁ። ስድስተኛዋ ደቡብ ሱዳን በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ስትገባ ስምምነቱ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ግብፅና ሱዳን አልገቡበትም። በዚሁ መሐል የሕዳሴው ግድብ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ጸጥታው ምክር ቤት ደርሶ ነበር፤ ምክር ቤቱም በመስከረም 2014 ዓ.ም. ድርድሩን ወደ አፍሪካ ኅብረት መለሰው። ግድብ በሲቪላይዜሽንም አለ። ጎርፍን ይከላከላል፣ መብራት ይሰጣል፤ ለጎረቤት ማሳወቅም ሆነ መደራደር ግን አይጠይቅም። ወንዝ የሚጋሩ አገሮች ያለባቸውን ነገር ጨዋታው ሙሉ በሙሉ ሳተው ማለት ይቻላል።

ምኒልክን ይዞ 20ውን ነጥብ መሻት ለሚፈልግ ተጫዋች መንገዱ እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ ከተሞቹን ዳገት ላይ ይቆርቁር፤ ኢትዮጵያ በእምነት ሀብት ትበረታለችና ሃይማኖት ቀድሞ መመሥረት ይቻለዋል። ሃይማኖት ያለው የማሃቦዲን ቤተ መቅደስ ከሠራ 2 ነጥብ በእጁ ይገባል። የዲፕሎማቶችን ሰፈር ሳይዘገይ ይገንባ፤ ልዑካኑን ወደ ነጻ ከተሞች ይላክ። ከጎረቤቶቹ ጋር ቃል ኪዳን ይሰር፤ የማንንም ዋና ከተማ አይያዝ። በየጉባኤው በትንሹ ድምፅ እየሰጠ ውለታውን ለዓለም መሪ ምርጫ ያስቀምጥ። ትልቁ ስጦታ የነጻነት ሐውልት ነው፤ 4 ነጥብ ያስገኛል። የሚሠራው ግን በባሕር ዳርቻ፣ ወደብ አጠገብ ብቻ ነው። ባሕር የሌለው ተጫዋች 4ቱን ነጥብ ሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሰባተኛው ክፍል አክሱምን በጥንቱ ዘመን ካሉት ሥልጣኔዎች አንዷ አድርጎ አስገብቷል። ሲወጣ ግን ዲፕሎማሲያዊ ድል አልነበረበትም፤ የቀሩት የጦር፣ የኢኮኖሚ፣ የባህልና የሳይንስ መንገዶች ነበሩ። ተጽዕኖ የሚባል የዲፕሎማሲ ገንዘብ አለው፤ እሱም ከነጻ ሕዝቦች ጋር ለመወዳጀትና ከሌሎች መሪዎች ጋር ለመዋዋል ያገለግላል። ጉባኤ ተሰብስቦ፣ ድምፅ ተቆጥሮ የሚገኘውን ድል የሚናፍቅ ተጫዋች ወደ ስድስተኛው ክፍል፣ ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ማስፋፊያው ጋር መመለስ አለበት።